ከብሮሸር ወደ ዌብሳይት፦ ፓብሊሸር ለሚያውቅ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ ወይም በአጅባር የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍቶ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የትምህርት ቤት መጽሔትና የመሥሪያ ቤት ብሮሸር የሚያዘጋጅ ሰው ዌብሳይት ለመሥራት ከሚያስፈልገው ሙያ አብዛኛውን በእጁ ይዟል። ርእስ የት እንደሚቀመጥ፣ አንድን ገጽ ምን ያህል ጽሑፍ እንደሚሞላው፣ የትኛው ፎቶ ከየትኛው አንቀጽ ጋር እንደሚሄድ ያውቃል። ማይክሮሶፍት ፓብሊሸርንም ለምዶታል። እንዲህ ላለው ሰው የሚቀረው አዲስ ፕሮግራም መማር ሳይሆን አንድ የቆየ ልማድ መተው ነው። ወረቀት ላይ የገጹን ስፋት የሚወስነው አዘጋጁ ነው፤ ዌብሳይት ላይ ግን የሚወስነው የአንባቢው ስልክ ነው። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፦ ሶፍትዌሩን ይጠቀሙበት፣ ጽሑፉን ግን ከፓብሊሸር የጽሑፍ ሣጥን ያስወጡት።

ፓብሊሸርና ዌብ በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው። ማይክሮሶፍት ፓብሊሸርን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ቲም በርነርስ ሊም ዌብን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በዚያው ዓመት ነው። አመለካከታቸው ግን ለየቅል ነበር። ፓብሊሸር የሄደው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ፔጅሜከር በቀደደው መንገድ ነው፤ ሥራው ፊደልና ሥዕልን በአንድ ወረቀት ላይ በሚሊሜትር ለክቶ ማስቀመጥ ነው። ዌብ ደግሞ ጽሑፉን እንደ ውሃ ይለቀዋል፤ ማሰሮው ሲሰፋ ይሰፋል፣ ሲጠብ ይጠባል። ሁለቱን ለማጋባት ብዙ ተሞክሯል። እስከ 2007 እትም ድረስ የወጡት የፓብሊሸር እትሞች ለዌብሳይት የተዘጋጁ አብነቶች ነበሯቸው፤ ከ2010 እትም ጀምሮ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ አዲስ የዌብ ሥራ የመጀመሪያውን አማራጭ አነሣው። አፕልም አይዌብ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቁሞታል። የፓብሊሸር ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2026 እንደሚያበቃ ማይክሮሶፍት አስታውቋል። እንግዲህ ሠሪዎቹ የተዉትን ጋብቻ እኛ በግድ አናስቀጥልም። የምንወስደው ከዚያ ዘመን የተረፈውን አንድ ጠቃሚ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የሚያወጣው ዌብሳይት በአንድ ፎልደር ውስጥ የሚገባ ተራ ፋይል ነው። ለእኛ አካባቢ ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ወደ መጨረሻው ይታያል።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ ገጾቹን ይቁጠሩ

በነጭ ወረቀት ላይ የገጾቹን ስም ይጻፉ። ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ከ4 እስከ 6 ገጽ ይበቃል፦ መግቢያ፣ ስለ እኛ፣ የምንሰጠው አገልግሎት፣ ማስታወቂያ፣ አድራሻ። ብሮሸር ሲሠራ ልማዱ ከአለቃው መልእክት መጀመር ነው፤ ዌብሳይት ላይ ይህ አይሠራም። በስልኩ የሚገባው ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ምዝገባው መቼ ነው? ምን ምን ሰነድ ይዤ ልምጣ? የቢሮው ስልክ ስንት ነው? ከደሴ በአቀስታ አድርጎ እስከ መካነ ሰላም ድረስ የሚመጣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም በኩል የሚነሣ ሰው አንድ ሰነድ ጎድሎበት ቢመለስ የሚያጣው የሥራ ቀን ብቻ ሳይሆን የትራንስፖርትና የአልጋ ገንዘብም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ ይህን ጥያቄ ይመልስ፤ የአለቃው መልእክት ካስፈለገ ‘ስለ እኛ’ ውስጥ ይግባ። የተማሪዎችን ስም ዝርዝር ከነውጤታቸው፣ የአባላትን የግል ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ግን አይጫኑ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሲነሣ ይጠፋል፤ ዌብሳይት ላይ የወጣ ስም ግን ተገልብጦ የትም ይሄዳል።

ሁለተኛ፦ ፊደሉ ዩኒኮድ መሆኑን ያረጋግጡ

ከሁሉም እርምጃ ይህ ይከብዳል፤ ይህ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነውና። የቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተሠሩት አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ በነበረው ዘመን ነው። የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ምልክት ስላለው በዚያ አልገባ አለ፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ የላቲኑን ቦታ እየወሰዱ፣ አንዳንዴም ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍለው አስቀመጡት። ዘዴው ለማተሚያ በቂ ነበር፤ ወረቀት ከቀለሙ ሥር ምን ኮድ እንዳለ አይጠይቅምና። ስልክ ግን ይጠይቃል። ያ ፎንት የሌለው ስልክ ‘ሰላም’ በሚለው ፋንታ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ያሳያል፤ ጉግልም የሚያነበው ያንኑ ቅልቅል ነው። ችግሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ያኔ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶች እያንዳንዳቸው በዓለም የታወቀ የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

ፈተናው አጭር ነው። ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ ኒያላ ይቀይሩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ፊደል ወይም ወደ ሣጥን ከተለወጠ አይደለም። ሌላው መንገድ አንድ ዐረፍተ ነገር ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ማየት ነው። የድሮ ፋይል ከሆነ እንደገና መጻፍ ወይም በመቀየሪያ ፕሮግራም መለወጥ የግድ ነው፤ ከተለወጠ በኋላም በሰው ዓይን ይታረም። ከአሁን በኋላ በፓወር ግዕዝ የሚጽፉ ከሆነ የዩኒኮዱን አማራጭ መርጠው ይጻፉ። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ምልክት እንጂ አራት ነጥብ አይደለም። ትክክለኛው ‘።’ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ እሱን ይጠቀሙ።

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላ አጻጻፉ ይከተላል። የከተማችንን ስም ብቻ እንይ፦ ‘መካነ ሰላም’፣ ‘መካነሰላም’፣ ‘መካነ ሠላም’፣ ‘መካነሠላም’ ተብሎ ሲጻፍ እናገኛለን። ለሰው አራቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመፈለጊያ ሞተሮች አንዳንዱን ልዩነት ያቻችላሉ፤ በዚያ መተማመን ግን አይገባም። ስለዚህ አንዱን መርጠው በሁሉም ገጽ በእርሱ ይጽኑ፤ ሌላው የተለመደ አጻጻፍ ‘ስለ እኛ’ በሚለው ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ ይጠቀስ። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክን የሚያስተዋውቅ ገጽ የሚሠራ ሰውም ‘ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው’ የሚል ሐረግ ቢጨምር የቀድሞውን ስም ብቻ የሚያውቅ አንባቢም ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ማስተካከያ ሙሉ ቀን ከፈጀ የቀለም ምርጫ ይልቅ አንባቢ ያመጣል።

ሦስተኛ፦ ገጹን ለስልክ ያሰናዱ

አዲስ ፋይል ሲከፍቱ ኤ4ን ይተዉ። የብዙ ስልኮች ማያ ዌብሳይት ሲያሳይ ስፋቱ ወደ 360 ፒክሰል ይቆጠራል፤ ይህ በፓብሊሸር መለኪያ 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የገጹን ስፋት እንደዚያ አድርገው፣ ጽሑፉን በአንድ ዓምድ፣ የፊደሉን መጠን ከ12 ነጥብ ሳያሳንሱ ያስቀምጡ። ሁለትና ሦስት ዓምድ ለጋዜጣ ያምራል፤ ስልክ ላይ ግን አንባቢው ወደ ታች ወርዶ፣ ተመልሶ ወደ ላይ ወጥቶ፣ እንደገና እንዲወርድ ያስገድደዋል። ርእስን በዎርድአርት አያስጊጡ፣ ጽሑፍ ያለበትን ሣጥን አያዙሩ፣ ሥዕልና ጽሑፍን አያደራርቡ። ፓብሊሸር እንዲህ ያሉትን ወደ ዌብ ሲያወጣቸው ወደ ሥዕል ይለውጣቸዋል፤ ያን ጊዜ በሁለተኛው እርምጃ የደከሙበት ዩኒኮድ ሥዕል ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው።

አራተኛ፦ የፎቶውን ክብደት ይቀንሱ

ሒሳቡን እንሥራው። በዩኒኮድ የተለመደ አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አማካይ ቃል 5 ፊደል ቢኖረው፣ ከክፍተቱ ጋር 16 ባይት ይሆናል፤ 2000 ቃል ያለው ጽሑፍ እንግዲህ 32 ኪሎባይት ገደማ ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ደግሞ በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ይህም እንዲህ ካለው ጽሑፍ ከ120 በላይ ማለት ነው። የአንባቢውን ጥቅል የሚበላውና ገጹን የሚያዘገየው ፎቶው እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ፓብሊሸር ውስጥ ፎቶን በማዕዘኑ ይዞ ማሳነስ ለዓይን ያሳንሰዋል እንጂ ክብደቱን የግድ አይቀንስም። ስለዚህ አስቀድመው በፎቶሾፕ ወይም በዊንዶውስ ፔይንት ስፋቱን ወደ 1000 ፒክሰል አውርደው፣ ጄፔግ አድርገው ያስቀምጡት፤ አብዛኛው ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። ከሥሩም የሚታየውን ነገር የሚገልጽ አንድ መስመር ይጻፉ፤ ኔትወርኩ ደክሞ ፎቶው ባይከፈት እንኳ አንባቢው የቀረበትን ያውቃል።

አምስተኛ፦ ፋይሉን ያውጡ

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ በፓብሊሸር የፋይል ምናሌ ውስጥ ካለው የማውጫ ክፍል ወደ ኤችቲኤምኤል ማውጣት ነው። የሚገኘው ዋናው ገጽና ሥዕሎቹን የያዘ ፎልደር ነው፤ ሁለቱን አይነጣጥሏቸው። ጉዳቱ ፓብሊሸር እያንዳንዱን ሣጥን በተለካው ቦታ ላይ ቸንክሮ ማውጣቱ ነው። ስልክ ላይ ሲያዩት ፊደሉ ከደቀቀ ወይም ለማንበብ ወደ ጎን መግፋት ካስፈለገ ሁለተኛውን መንገድ ይያዙ። ጽሑፉን ከፓብሊሸር ቀድተው ሊብረኦፊስ ራይተር ላይ ይለጥፉ፣ ርእሶቹን ፊደል በማወፈር ሳይሆን ከስታይል ዝርዝሩ ውስጥ ‘ርእስ 1’ እና ‘ርእስ 2’ን በመምረጥ ይሰይሙ፣ ከዚያ ኤችቲኤምኤል አድርገው ያስቀምጡ። ሊብረኦፊስ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ የወጣው ጽሑፍም በማያው ስፋት ልክ ይታጠፋል። የቀረው ገጹን በኖትፓድ ከፍቶ በራስጌው ውስጥ ‘ቪውፖርት’ የሚባለውን አንድ መስመር መጨመር ነው። ይህ መስመር ስልኩ ገጹን በኮምፒውተር ስፋት እንዳያሳንሰው ያዛል፤ ለሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ ካገኙት ቀድቶ መለጠፍ ብቻ ነው። ሲያስቀምጡም የፊደል ኮዱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ይዩ።

የፋይል ስም ላይ ይጠንቀቁ። የመግቢያው ገጽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ‘ኢንዴክስ’ መሆን አለበት፤ ሰርቨሩ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የሌሎቹም ስም በትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ያለ ክፍተት ይሁን። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ ብዙው ሰርቨር ግን ይለያል፤ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሊንክ ኢንተርኔት ላይ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። በአማርኛ መሰየም ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን በአድራሻ ላይ አንዱ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ሆኖ ስለሚገለበጥ ‘መካነ ሰላም’ የሚለው የ6 ፊደል ስም ክፍተቱ ሳይቆጠር 54 ምልክት ይሆናል። በስልክ ለሰው ልንገር ቢሉ አይነገርም።

ስድስተኛ፦ ሳይጭኑ ይፈትኑት

ፎልደሩን በሙሉ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር፣ በኬብልም ወደ አንድ ርካሽ ስልክ ይቅዱና ኢንተርኔቱን ዘግተው ይክፈቱት። አማርኛው ይነበባል? ሊንኮቹ ሁሉ ይሠራሉ? ፎቶው ይታያል? የእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሊንኩ የሚያመለክተው ወደ ራስዎ ዲስክ ነው ማለት ነው። ፈተናውን በዌብሳይቱ ሥራ ላልተሳተፈ ሰው ይስጡት፤ ‘የቢሮውን ስልክ ፈልግልኝ’ ብለው ዝም ብለው ይመልከቱ። ከጠየቀዎት ገጹ ይስተካከል እንጂ ሰውየው አይወቀስ።

ሰባተኛ፦ ይጫኑት

ለሙከራም ሆነ ለአነስተኛ ድርጅት እንደ ጊትሃብ ፔጅስ ያለ ነጻ ማስቀመጫ ይበቃል፤ አካውንት ከፍቶ ፋይሎቹን በብራውዘር መጫን ነው። የሚፈቅደው እስከ 1 ጊጋባይት ነው፤ ከላይ እንደተባለው የተዘጋጀ ዌብሳይት የዚህን ጥቂት መቶኛ እንኳ አይሞላም። የውጭ ምንዛሪ ስለማይጠየቅበትም ካርድ አያስፈልግም። መሥሪያ ቤት ከሆኑና በሀገር ስም የሚያልቅ አድራሻ ከፈለጉ ግን የሚሄዱት የኢትዮጵያን ዶሜይን ወደሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በሁለቱም መንገድ አካውንቱ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉም ታሽጎ መዝገብ ቤት ይቀመጥ። ሠራተኛ ሲዛወር አብሮት የሚዛወር ዌብሳይት የሠራተኛው እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም።

ለሚነሡ ጥያቄዎች

‘ፌስቡክና ቴሌግራም እያሉ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?’ የሚል ይኖራል። ቴሌግራም ዜና ለማድረስ ወደር የለውም፤ ዕቃ ቤት ግን አይደለም። ዛሬ የተለጠፈው የምዝገባ መመሪያ ከአንድ ወር በኋላ በመቶ መልእክት ሥር ይቀበራል። ሥርዓቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ቋሚው ነገር ዌብሳይቱ ላይ ይቀመጥ፣ ሊንኩ በቴሌግራም ይላክ። ‘ብሮሸሩን በፒዲኤፍ ብንጭነውስ?’ ለሚለውም መልሱ ‘ይጫን፣ ብቻውን ግን አይበቃም’ ነው። ማተም ለሚፈልግ ሰው ፒዲኤፍ ይጠቅማል። ኤ4 ገጽ ግን ስልክ ላይ ሲታይ ፊደሉ ይደቅቃል፤ በድሮው ፎንት የተሠራ ከሆነም ውስጡ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ፒዲኤፉ ከጽሑፉ ሥር እንደ ተጨማሪ ይቀመጥ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ‘ዘመኑ የዎርድፕረስ ነው፤ የሚሞት ሶፍትዌር ለምን እንማር?’ የሚለው ነው። እውነት አለበት። በየቀኑ ዜና የሚያወጣ፣ ብዙ ጸሐፊ ያለው ተቋም፣ ለምሳሌ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ እንዳለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ያለ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ የሚጠብቀው የአይሲቲ ባለሙያም አለው። ዎርድፕረስ ግን ዳታቤዝ አለው፣ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ ካልታደሰም ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚለወጥ የስድስት ገጽ ዌብሳይት ይህ ሸክም ነው። ተራ ፋይል ማንም ሳይነካው ዓመታት ይቀመጣል። የፓብሊሸር ማብቃትም ቢሆን ጽሑፉን ከሣጥኑ ላወጣ ሰው አያሰጋም፤ የፓብሊሸር ፋይሎችን ሊብረኦፊስ ይከፍታቸዋል፣ የወጣው ኤችቲኤምኤል ደግሞ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ወቅት የቴሌግራም ቻናል ለክልሉ አንባቢ ተዘግቶ ይቆያል፤ ዎርድፕረስም ያለ ሰርቨሩ አይነሣም። ፎልደር ግን በፍላሽ ወይም እንደ ዜንደር ባለ ፋይል ማስተላለፊያ መተግበሪያ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ በትክክል በተከፈተበት ስልክ ላይ ያው ዌብሳይት ነው። መምህሩ ለተማሪው፣ ተማሪው ወግዲ ወይም ከላላ ላለው ዘመዱ ያቀብለዋል። ከላይ ‘ትልቅ ነገር’ ያልነው ይህ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የታደሰበትን ቀን በዓ.ም. ይጻፉ፤ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ቅጂ አዲስ ይሁን አሮጌ የሚለየው በእርሱ ብቻ ነው።

ሥራውን ሲጨርሱ ሦስት ቅጂ ያስቀሩ፦ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ አንዱ በቢሮው ኮምፒውተር፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ በሚቀመጥ ፍላሽ። ነገ ጠዋት መጀመር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከድሮ ብሮሸሮቹ አንዱን ይክፈት፣ ጽሑፉን ይምረጥ፣ ፎንቱን ወደ ኒያላ ይቀይር። ቀሪው ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚነግረው ያ ነው።